አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው የተባለው ወንድሜ

የሥነ ልቦና ተማሪ ነኝ ባልኩ ቁጥር ሰው ሁሉ "እስቲ በልቤ ያለውን ንገረኝ" እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ቀልዱ እያናደደኝ፣ በውስጤ ግን እየኮራሁ ሦስተኛ ዓመት ደረስኩ። በዚያ ዓመት ትምህርት ክፍላችን ጥቂት ተማሪዎች መርጦ ለክረምት የምርምር ሥልጠና ወደ አምቦ ወሰደን። ልጆች እንዴት እንደሚፈተኑ፣ መልሳቸው እንዴት እንደሚታረም፣ ውጤቱ እንዴት እንደሚጻፍ ከወረቀት ወጥተን በተግባር የምንማርበት ነው። ሌሎቹ በውጤታቸው ተመረጡ። እኔ ውጤቴ መካከለኛ ነበር፤ የተመረጥኩት ከአምቦ አለፍ ብላ የምትገኘው የጌዶ ልጅ ስለሆንኩ፣ ኦሮምኛም አማርኛም ስለምችል ነው። መምህራችን ይህንኑ በሁሉም ፊት ሲናገር እስከ ጆሮዬ ቀላሁ። ከዚያ በኋላ ራሴን አስተርጓሚ እንጂ ተመራማሪ ነኝ ብዬ መቁጠር አቃተኝ።

ፈተናው ለማስረዳት ቀላል ነው። ገጹ ላይ ጥለት አለ፤ ከጥለቱ አንድ ቁራጭ ጎድሏል። ልጁ ከታች ከተደረደሩት ቁራጮች የሚገጥመውን በጣቱ ያሳያል። ገጽ በተገለጠ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። ስንቱን እንደመለሰ ከዕድሜው ጋር ይተያይና ልጁ ከእኩዮቹ ቀድሞ እንደሆነ ወይም ወደ ኋላ ቀርቶ እንደሆነ ይታወቃል። ስለዚህ ዕድሜው ከተሳሳተ ድካሙ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። መምህራችን ይህን ሳይነግረን የዋለበት ቀን የለም።

አምቦ ላይ ከተለማመድን በኋላ ተራው የጌዶ ሆነ። አስቀድሜ ለእናቴ በመኪና ረዳት መልእክት ላክሁ፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መጥተን ልጆች እንደምንፈትን፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ የሆነ እንደማንቀበል። ጊዜው የብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ነው። ቀበሌው አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸውን የሚልክበት ኮታ አለበት፣ ወንድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ እንቅልፍ የላትም። እናቴ ከመልእክቴ የሰማችው እኔ የላክሁትን አልነበረም። "ዩኒቨርሲቲ የልጆችን ዕድሜ ሊመዘግብ ነው" ብላ ለጎረቤት ነገረች፣ ጎረቤት ለገበያ ነገረ። በአዲስ አበባ ሰው እጅ አሥራ ሁለት ተብሎ የተጻፈን ልጅ ማን ደፍሮ ጦር ሜዳ ይወስደዋል?

ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ስንገባ ዝናቡ አባርቶ ግቢው ጭቃ ሆኗል። ሰልፉ በሩን አልፎ ወጥቷል። ከሕፃናቱ መሃል ቁምጣ የታጠቁ ጎረምሶች በእናቶቻቸው እጅ ተይዘው ቆመዋል። አንዱ ያን ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ አገጩ ላይ ደም ደርቋል። "የአገርህ ሕፃናት የሚጠጡት ወተት የምንድን ነው?" አለኝ አንዱ የክፍል ጓደኛዬ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ውስጤን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለው ነበር። መምህራችንም እየሳቀ ግዙፎቹን አንድ በአንድ መለሳቸው። ሲመለሱ እናቶቹ የሚያዩት እሱን ሳይሆን እኔን ነበር።

መዝጋቢው እኔ ነኝ። አጠገቤ የቀበሌው ሊቀመንበር ወንበር ስቦ ተቀምጧል፤ ከሌላ ወረዳ ተዛውሮ በቅርቡ የመጣ ሰው ስለሆነ ቤተሰቤን አያውቅም። የእናቴ ተራ ደረሰ። ታናሽ ወንድሜን ይዛለች። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ነገር ግን ቁመቱ አጭር፣ ፊቱም ገና ለጋ ነው። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከወገቧ ዝቅ ብላ፣ "አከም ቡልተን፣ ኦቦ" አለችኝ፤ እንደምን አደሩ፣ ጌታው ማለቷ ነው። የወለደችኝ እናቴ እንደ ባለሥልጣን አንቱ አለችኝ። ዕድሜውን ስጠይቃት "ኩዸ ለማ" አለች፤ አሥራ ሁለት ማለቷ ነው። ሰልፉ በሙሉ ያውቀናል፣ ሰልፉ በሙሉ ዝም አለ። አንገቴን ደፍቼ አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍሁ። የአባቱን ስም ከእኔ ጋር አንድ ስለሆነ ዘለልሁት። በእናቴ ውሸት ይሁን በማጎንበሷ ወይስ በራሴ፣ በምን እንደማፍር ሳላውቅ በኀፍረት ተቃጠልሁ።

ወንድሜን መምህራችን ራሱ ፈተነው። ወንድሜ የሕፃን ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠና አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ያሳይ ጀመር። ልጆቹ የሚደናቀፉበትን ገጽ አለፈ፤ እኛ ራሳችን አምቦ ላይ የተከራከርንበትን ገጽም አለፈ። ተሳሳት እንጂ፣ አልኩት በልቤ። አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተም። መምህራችን ከወንበሩ ተነሣ። የአገር ቤት ልጅ ዕድል ካገኘ ከማንም አያንስም እያለ ሲሟገት የኖረ ሰው ነው፣ ደስታው አቅሉን አሳተው።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይምጡ ይዩ!" አለ። "ይህ ልጅ ዕድሜው አሥራ ሁለት ነው፤ አእምሮው ግን የአሥራ ስምንት ዓመት ጎልማሳ ነው!"

ሊቀመንበሩ መጥቶ ቆመ። ጥለቶቹን አላየም፤ ያየው እንደ ትልቅ ሰው የጠነከሩትን የወንድሜን እጆች ነው። "ታዲያ ሳይንሱ አሥራ ስምንት ካለ፣ አሥራ ስምንት ነው በሉኛ" አለ ረጋ ብሎ። መምህራችን ያኔ ገባውና ፊቱ አመድ መሰለ። ለማስተባበል ብዙ ተናገረ፣ ስለ ሠንጠረዡ፣ ስለ ስሌቱ። ሊቀመንበሩ እያዳመጠ ራሱን ይነቀንቃል። እናቴ ከሰልፉ ዳር ሆና አማርኛችንን በግማሽ እየሰማች ፈገግ ትል ነበር፤ ልጇ የተሞገሰ መስሏታል።

በዚያው ሳምንት ወሰዱት። ለውትድርና የተያዙት ልጆች መኪና እስኪመጣ የተሰበሰቡት እዚያው ትምህርት ቤት፣ እኛ በፈተንንባቸው ክፍሎች ውስጥ ነበር። ዳቦ ይዤለት ሄድኩ፤ ጠባቂው በመስኮት እንድናወራ ፈቀደልን። ቁጣዬን መዋጥ አልቻልኩም።

"ለምን አልተሳሳትክም? አንዷን እንኳ?" ብዬ ጮኽኩበት።

ወንድሜ እንደመደንገጥ አለ።

"እማዬ አንቱ ስትልህ አንገትህን ስትደፋ አየሁህ" አለኝ። "በእኛ ያፈርክ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ብሳሳት ጓደኞችህ ወንድሙ ደደብ ነው እንዳይሉህ ብዬ ነው።"

ጓደኞቼ ወንድሜ መሆኑን አያውቁም ነበር። አልነገርኳቸውም።