ሮዝ ቀለም የተቀቡት ዝንቦች

ራሱን ያስተማረ ሰው ሲሳሳት የሚያርመው የለውም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የማውቀውን ሁሉ ከሬዲዮና ከግብርና መጽሔት ለቃቅሜ ያገኘሁት ነው። የኒም ዛፍ ፍሬ አድርቆ መውቀጥን፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማጥለልን፣ ትንሽ ሳሙና ጨምሮ መርጨትን እንዲሁ ተማርኩ። የጎረቤቶቼ ማንጎ በፍራፍሬ ዝንብ ትል ተበልቶ ሲረግፍ ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለው የእኔ ማሳ ግማሹ ይተርፍ ነበር። በዚህ እኮራ ነበር። ያልጠየቀኝንም ሰው እመክር ነበር።

ልጄ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የመረጠችው ይህንኑ ዝንብ ነው። «አባባ፣ የእርስዎን ኒም ከጨረር ጋር ላጣምረው ነው» አለችኝ። ወንድ ዝንቦች ላብራቶሪ ውስጥ ተፈልፍለው በጨረር ይመክናሉ። ማሳ ላይ ሲለቀቁ ከማሳው ሴቶች ጋር ይገናኛሉ፤ ሴቷ የምትጥለው እንቁላል አይፈለፈልም። ነገር ግን የማሳው ወንዶች ከበዙ የመከኑት በመሀላቸው ይዋጣሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ ኒም ተረጭቶ የማሳው ዝንብ ይቀንሳል፣ ኒሙ ከቅጠሉ ላይ እስኪጠፋ ይጠበቃል፣ ከዚያ የመከኑት ይለቀቃሉ። «ከለቀቅን በኋላ አንድ ጠብታ እንኳ አይረጭም» አለችኝ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ኒሙ ተረጭቶ ከጠፋ በኋላ፣ በተለቀቁበት ዕለት ጠዋት ልጄ የመጡባቸውን ካርቶኖች ስትከፍት ዝንቦቹ ሮዝ ዱቄት ተነስንሶባቸው ነበር። በኋላ ወጥመድ ውስጥ ሲገቡ ከማሳው ዝንብ የሚለዩት በዚያ ነው። ከመስኖ ቦዩ ማዶ ማንጎም ሙዝም ያለው ጎረቤቴ ሙዝ እያስቆረጠ ቆሞ ያያል።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ደግሞ ዝንብ ማርባት ጀመርክ?»

«የመከኑ ናቸው» አልኩት።

«መካን ሙሽራ ነዋ ልጅህ የምትድረው! እነዚህ ሮዝ የለበሱት ሚዜዎቹ ናቸው?»

ሙዝ የሚጭኑት ሠራተኞች ሳቁ። «እኔ እኮ የዝንብ መድኃኒት ከአንተ ነበር የምማረው» አለ። «ዝንብህ ወደ እኔ ቢሻገር ማንን ልክሰስ?»

ልጄ ሰምታ ፈገግ አለችና ወደ ካምፓስ ሄደች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ዕድሜዬን ስገድለው የኖርኩት ዝንብ ፍሬዬ ላይ ሲራመድ እያየሁ ቆምኩ። ኒሙ ያልመከነውን ይገድላል፣ ጨረሩ የተረፈውን ያመክናል፤ ሁለቱ በአንድ ቀን ቢውሉ ምን ይከፋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱ ግን ያ አይደለም። ጎረቤቴና ሠራተኞቹ መርጫ ተሸክሜ እንዲያዩኝ ፈልጌ ነው። ከሰዓት በኋላ ሳሙናውን ዕጥፍ አድርጌ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ረጨሁት።

«አሁን ገና ሰው ሆንክ!» አለ ጎረቤቴ።

በሳምንቱ ልጄ ወጥመዶቹን አንድ በአንድ አውርዳ በማጉያ መነጽር ሮዝ ዝንብ ፈለገች። እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ። ሌላው ጠፍቷል። ከማንጎው ሥር ተቀምጣ ደብተሯን ደጋግማ አገላበጠች። «ያሸግኳቸው እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ሙቀት መትቷቸው ይሆናል፤ ማቀዝቀዣ በረዶውን አሳንሼ ነው» አለች።

በዚያች ሰዓት የተናገርኩትን እስካሁን ልረሳው አልቻልኩም። «ጥንቃቄ ጎድሎሻል» አልኳት። በዚህም አላበቃሁም፤ ስለ ቸልተኝነትና ስለ ኃላፊነት ረጅም ምክር መከርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

ሦስት ቀን ደበቅኳት። በሦስተኛው ቀን ላፕቶፗን ከፍታ፣ «ለአማካሪዬ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ እየጻፍኩ ነው» ስትለኝ ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ።

«አትጻፊ። ረጭቼ ነበር።»

ቀና ብላ አየችኝ። «መቼ?»

«የለቀቅሻቸው ዕለት፣ ከሰዓት።»

«ምን ያህል?»

«ሙሉውን ማሳ። ሳሙናውንም ዕጥፍ አድርጌ።»

ሁሉንም ጻፈችው። ከዚያ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች። «ጥንቃቄ ጎድሎሻል ሲሉኝ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ይህን አልጻፈችውም። ብትጮህብኝ፣ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ላፕቶፗን ዘግታ ወጣች።

የማንጎው ወቅት አልፎ ስለነበር አንድ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነባት። አብረዋት የጀመሩት ሲመረቁ እሷ ቀረች። ዘንድሮ ሥራዋን የጀመረችው ከቦዩ ማዶ፣ በጎረቤቴ ማንጎዎች ላይ ነው። አብራርታለት፣ አስፈርማው፣ መርጫውን ቆልፋበት። እሱም አሁን አይቀልድም፤ ሰው ዛፉ ሥር ሲያልፍ «ቀስ በሉ፣ ዝንቦቹን እንዳትረብሹ» ይላል።

በቀደም የኒሙን ፍሬ ለቅሜ፣ አድርቄ፣ ደወልኩላት። «ወቅጬ ልላክልሽ?» አልኳት።

«ይተዉት አባባ» አለችኝ። «መጠኑን ማመን ስላለብኝ ራሴ እወቅጣለሁ።»