የጂራታ ኪሎ

አብነት ሰፈር፣ እማማ ወለተሰንበት ግቢ ውስጥ፣ የጂራታንና የኔን ክፍል የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። ሲያስነጥስ "ይማርህ" የምለው እኔ ወይንሀረግ ነኝ፤ ሌላ የሚለው አልነበረውማ! ከጊንጪ ገጠር የመጣ ቦክሰኛ ነው። ቀን ብሎኬት ይሠራል፣ ማታ ክለቡ ይለማመዳል።

ምግቡን ብታዩ ታዝኑለት ነበር። ጨው ያልነካው ቂንጬ፣ ቅቅል ድንች፣ የእንቁላል ነጩ ብቻ። አስኳሉን የኔ ድመት ትበላዋለች፤ ከሰፈሩ ድመት ሁሉ ወፍራሟ እሷ ሆነች። "አንተ፣ ይሄ የበሽተኛ ምግብ ነው እኮ!" ስለው፣ "ምን ላድርግ ወይንዬ፣ ኪሎዬ" ይለኛል። የሚጋጠመው በሃምሳ አራት ኪሎ ነው። አንዴ ኪሎው አልፎበት ነበርና አሰልጣኙ "ሁለተኛ ካለፍክ ከክለቡ ወጣህ" ብሎታል።

ይሄ ለግቢው ሰው አይገባውም። ማዕድ ላይ ሲጠሩት "በልቻለሁ" ብሎ ያልፋል። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" እያሉ አሙት፤ በኋላ መጥራቱንም ተዉት። እማማ ብቻ አልተዉትም። ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ እሳቸውም ቢሆኑ ማን አላቸው?

በዘጠና ስምንት ገና ቅዳሜ ዋለ። የጂራታ ግጥሚያ እሁድ ነው። እማማ ዶሯቸውን በትሪ ይዘው ራሳቸው ክፍሉ ድረስ መጡ፤ እኔም ትሪው እንዳይወድቅ ደግፌ ተከተልኳቸው።

"ጾሙን ብቻዬን ልፍታ እንዴ፣ ልጄ?"

"እማማ፣ ነገ ሚዛን ላይ እወጣለሁ። ነገ ማታ እበላልዎታለሁ።"

"ነገን ማን አይቶት! አፈር ስሆን፣ አንዴ!"

ጉርሻውን ጠቅልለው አፉ ድረስ አስጠጉለት። ጂራታ እኔን አየኝ፣ ጉርሻውን አየ፣ አፉን ከፈተ። "አንድ ያጣላል" ብለው ደገሙት። ዓይኑ እንባ ሞላ። "በርበሬው ነው" አለ። የምን በርበሬ! እናቱ ከሞተች ወዲህ ያጎረሰው ሰው አልነበረም። ከዚያማ ቁጭ ብሎ በላ፤ እንቁላሉን ከነአስኳሉ፣ ጠላውንም ጨምሮ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ጨው የረሳ ሰውነት ነውና ማታ የውሃ ጥም አላስቻለው አለ፤ ሲቀዳ በግድግዳው ይሰማኛል። ጠዋት ላስቲክ ለብሶ ላብ ሊያወጣ እስከ ልደታ ቤተክርስቲያን ሮጠ። አልጠቀመውም። ረፋድ ላይ፣ እማማ ገና ቤተክርስቲያን እንዳሉ፣ ቦርሳውን ይዞ ተመለሰ።

"ራቁቴን ቆምኩ፣ ወይንዬ። ሚዛኑ እምቢ አለ። ጓንቱን ተቀብለው ከክለቡ አስወጡኝ።"

"ወይኔ! ለእማማስ ምን ልትላቸው ነው?"

"ብትነግሪያቸው ተጣላን!" ብሎኝ ተመልሶ ወጣ።

ማታ እማማ በር ላይ ጠበቁት። "እህሳ፣ ልጄ?"

"አሸነፍኩ፣ እማማ።"

እልልታቸው ግቢውን ሞላው። "አላልኩም! ባዶ ሆድ ይማታል እንዴ? የኔ ዶሮ ነው!" ሲያሙት የነበሩት ሁሉ ወጥተው ጨበጡት። እኔ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ እማማ "ግጥሚያህ መቼ ነው?" እያሉ ቁም ስቅሉን ያሳዩታል። ጨንቆት "በዚህ እሁድ" ይላቸዋል። እሳቸው ዋዜማውን ዶሮ ይሠራሉ፣ ያጎርሱታል፤ በማግስቱ መርቀው ይሸኙታል፣ ቦርሳውን አንግቶ ይወጣል። አንድ እሁድ ሜክሲኮ ከታክሲ ስወርድ አየሁት፤ አጥር ጥግ ቦርሳውን ታቅፎ ተቀምጦ መንገደኛ ያያል። ያን ያህል ሕዝብ ሲያልፍ አንድ "ጂራታ" የሚለው የለም። ልቤ ተሰበረ። ሄጄ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

"ዛሬ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምታሸንፈው?"

ሰዓቱን አየ። "አስር ሰዓት ላይ" አለኝ።

እስከዚያ አብሬው ቆየሁ።