ቀይ ካፖርት የለበሰችው ሦስተኛ ወገን

አጎቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከሰው ጋር ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚያየው ፊት ሳይሆን ትከሻ ነው። «ግራዎ ትንሽ ዝቅ ይላል» ይልና ስም የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስማር የኖርኩት እሱ ቤት ነው። ክፍሌ ከስፌት መኪናው ጀርባ በመጋረጃ የተከለለች ጥግ ነበረች። ዛሬም ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ እሱ እየሰፋ ይመስለኝና ዞር እላለሁ።

ሞተር ሳይክል የገዛው ለሚስቱ ብሎ ነው። እኔ አክስቴ እያልኩ የምጠራት እሷን ነው። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ከከተማው ማዶ የምትኖረውን እህቷን መጠየቅ ትታ፣ መስኮት ሥር ተቀምጣ ቁልፍ መትከል ብቻ ሆኖ ነበር ኑሮዋ። ይህ አጎቴን አንገበገበው። ያገለገለች ሞተር ገዝቶ፣ ወልውሎ፣ በር ላይ አቁሞ ጠራት።

«ነይ ውጪ፤ እህትሽ ጋ ላድርስሽ።»

አክስቴ ሞተሯን ዙሪያዋን አየቻት። «ብወድቅስ?»

«አትወድቂም።»

«አትወድቂም በለኝ አላልኩህም። ብወድቅ ማን ያነሣኛል ነው ያልኩህ። ኢንሹራንስ ሳትገባ አልወጣባትም።»

በማግስቱ አጎቴ ኢንሹራንስ ሊገባ ሄደ። በዚያው አንዲት ደንበኛ ያሰፋችውን ቀይ ካፖርት ሊያደርስ አሰበ። እንዳይጨማደድ ብሎ ልብስ ለሚለካባት የእንጨት አሻንጉሊት አለበሰውና ከኋላው በገመድ አሰራት። አሻንጉሊቷ ራስም እጅም የላትም። ገና አደባባዩ ጋ ሲደርስ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመው፤ ተሳፋሪዋ ሄልሜት አላደረገችም።

«ጌታዬ፣ ራስ እኮ የላትም!»

«ደንቡ ተሳፋሪ ይላል እንጂ ራስ አይልም» አለው ፖሊሱ።

አጎቴ ሄልሜት ገዝቶ አንገቷ ላይ ደፋላት።

እሱ ሳይመለስ ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው መጣ። «እኔ የሰው ነገር አልወድም» ብሎ ጀመረ። «ግን ባልሽን ቀይ ካፖርት ከለበሰች ሴት ጋር አየሁት። ጨዋ ቢጤ ናት፤ ቃል አልተነፈሰችም።»

አጎቴ ማምሻውን እየሳቀ ገባ። ደንበኛዋን ቤቷ አላገኛትም ነበር፤ ቢሆንም ደስ ብሎታል። «ገባሁልሽ!»

«ለማን ነው የገባኸው?»

«ለሦስተኛ ወገን።»

አክስቴ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «አንደኛው አንተ። ሁለተኛዋ እኔ። ሦስተኛዋ ማናት?»

«እኔ ምን አውቄ! እንዲሁ ነው የሚሉት።»

«ቀይ ካፖርት የለበሰችውስ?»

«እሷማ ውጪ ናት፤ ሞተሩ ላይ።»

አክስቴ ያን ጉልበት ይዛ እንዴት እንደተነሣች እስካሁን ይገርመኛል። በሩን ከፍታ አሻንጉሊቷን ከነሄልሜቷ አየቻት። ሳትስቅ ተመለሰች። «ይቺስ እሺ። ሦስተኛዋ ግን አልታወቀችም።» ወደ እኔ ዞረች። «የተማርክ ነህ፤ ወገን ማለት ምንድን ነው?»

«ዘመድ። የራስ ሰው» አልኩ።

«ይኸው! ዘመድ አበጅቶ መጣ።»

በማግስቱ ሦስታችንም ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄድን። እሷና እኔ በታክሲ፣ እሱ ካፖርቱን ገና ስላላደረሰ አሻንጉሊቷን አዝሎ በሞተር። ውጪ ትቷት እንዳትሰረቅ ታቅፏት ሊገባ ሲል ጥበቃው አስቆመን።

«እሷ ሄልሜቷን ታውልቅ። ፊት መታየት አለበት።»

አጎቴ አወለቀላት። ጥበቃው ወደ ኋላ ሸሸ። «ራሷስ?»

«ሲሠሯትም አልነበራት» አለው አጎቴ።

ውስጥ ከረባት ያሰረ ወጣት ሠራተኛ ተቀበለን። አክስቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ ጠየቀች። «ልጄ፣ ሦስተኛ ወገን የምትሏት ማናት?»

«አንደኛው ወገን ድርጅታችን ነው እናቴ። ሁለተኛው እሳቸው። ሦስተኛው መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ነው። እሳቸው ቢገጩት እኛ እንክሳለን።»

«ሰው ሁሉ? እኔ እኮ አንዲት ብቻ መስላኝ ነበር!»

አጎቴ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«እኔስ ስንተኛ ነኝ?»

ሠራተኛው ከረባቱን ነካካ። «እርስዎ ተሳፋሪ ነዎት፤ ቤተሰብም ነዎት። ይህ ውል ተሳፋሪንም ቤተሰብንም አይሸፍንም።»

«ሚስቱ ባልሆንስ?»

«ያኔ መንገድ ላይ ቢገጩዎት ሦስተኛ ወገን ይሆኑ ነበር።»

«ብፈታው ማለት ነው?»

«አንቺ ሴትዮ!» አለ አጎቴ።

«ዝም በል፤ ውል እየተረዳሁ ነው። የማታውቀው ሰው ሲወድቅ ትክሳለህ፣ እኔ ስወድቅ አፈሬን አራግፌ እነሣለሁ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ!»

አጎቴ ተጨንቆ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። «ትልቁን አድርግልኝ። ሙሉ ሽፋን የምትሉትን።»

«አባቴ፣ ሙሉ ሽፋን ሞተሯ ብትሰረቅ፣ ብትቃጠል፣ ብትሰበር ነው። እሷ ደግሞ አርጅታለች፤ የሚከፍሉት ከእሷ ዋጋ ይበልጣል።»

«ሚስቴ እንድትወጣባት ነው የምፈልገው» አለ አጎቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሠራተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ብዕሩን አስቀመጠ። «ታዲያ ያለዎትን አይቀይሩት። የተሳፋሪ ሽፋን ይጨምሩበት። ተሳፋሪው ቤተሰብም ቢሆን ይካሳል። ትንሽ ነገር ነው።»

«በስሜ ነው የሚጻፈው?» አለች አክስቴ።

«በስም አይደለም እናቴ። የሚሸፈነው የኋላው መቀመጫ ነው። ማንም ይቀመጥ ማን።»

«ማንም?»

«ማንም።»

አክስቴ አሻንጉሊቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከዚያ ብድግ ብላ ካፖርቱን አወለቀችባትና ራሷ ለበሰችው። ሄልሜቱንም ደፋች። «ፈርምና ና» አለችው። «ያን መቀመጫ ክፍት ትቼ አልሄድም።»

በሞተሩ ሁለቱ ሄዱ፤ መጀመሪያ የሄዱትም እህቷ ጋ ነው። እኔ አሻንጉሊቷን ታቅፌ በታክሲ ተመለስኩ። ረዳቱ የሁለት ሰው አስከፈለኝ።

ከዚያ ወዲያ አጎቴ ልብስ ሲያደርስ ለባሿ አክስቴ ሆነች። አንድ ቀን የዳኛ ካባ ለብሳ ስታልፍ ያ ትራፊክ ፖሊስ ሰላምታ ሰጥቷታል። አጎቴም አክስቴም ዛሬ የሉም። ሞተር በሰማሁ ቁጥር ግን ሰፋ ያለ የወንድ ሱፍ የለበሰች አንዲት ሴት ከኋላ አለች ብዬ አያለሁ።

ደንበኞቹ አንድ ቅሬታ ነበራቸው። ልብሱ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ክርኑ ላይ ተጨማዶ ይደርሳቸዋል። በአሻንጉሊቷ ጊዜ እንዲህ አይሆንም ነበር። አጎቴ ይቅርታ ጠይቆ፣ መልሶ አምጥቶ፣ እያፏጨ ይተኩሰዋል። አክስቴን ግን ወገቤን ላላ አድርገሽ ያዢኝ ብሏት አያውቅም።