ስድስተኛዋን ጳጉሜ የማያውቅ ፕሮግራም

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ ጳጉሜ ስድስት ቀን ነው። ስድስተኛዋ ጳጉሜ የምትመጣው በአራት ዓመት አንዴ ስለሆነ ብዙ ሰው ትዝም አትለውም። እኔ ግን አዲስ ዓመት በተቃረበ ቁጥር የማስታውሰው እሷን ነው።

የምሠራው ቡታጅራ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ፣ ካርድ ክፍል ነው። ባለቤቴ አስተማሪ ሆኖ እዚህ ሲመደብ ተከትዬው ከጎጃም መጣሁ፤ ልጆቼንም እዚሁ ወለድኩ። አሁን አገርሽ የት ነው ሲሉኝ ቡታጅራ ነው የምለው።

ካርድ ክፍልን ከመስኮቱ ውጪ ሆኖ የሚያይ ሰው ሥራው ቀላል ይመስለዋል። ሕመምተኛው ግን ካርድ ቁጥሩን ቤቱ ጥሎ ስሙን ብቻ ይዞ ነው የሚመጣው። በዚህ ከተማና በዙሪያው ስንት ከድር፣ ስንት ዘይነባ እንዳለ የሚያውቅ ካርድ ክፍል የሠራ ሰው ነው። መደርደሪያ ሥር ተንበርክከን አቧራ ስንውጥ እንውል ነበር።

ከዚህ የገላገለን በድሩ የሚባል የመስቃን ልጅ ነው። ያኔ ወልቂጤ ኮምፒውተር ይማር ነበር። አንድ ቀን የታመሙ አያቱን ይዞ መጣና ካርዳቸው እስኪገኝ ረፋዱን ሙሉ ተቀመጡ። ሌላ ሰው ቢሆን ተሳድቦ ይሄድ ነበር። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ትምህርት በሌለው ቀን ከወልቂጤ በሚኒባስ እየመጣ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ አፈላለጋችንን ሲያይ ይውል ጀመር። በመጨረሻ አንድ ፕሮግራም ሠርቶ አሮጌዋ ኮምፒውተራችን ላይ ጫነልን። ስም፣ የአባት ስምና ቀበሌ ሲጻፍለት ካርዱ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ይናገራል። እኔ እንደ ተአምር ነው ያየሁት።

ስንት እንክፈልህ ብንለው ሳቀ።

«በነፃ ነው እትዬ ብርቄ። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ሲበላሽ ደውሉልኝ፤ ሲሠራም ደውሉልኝ።»

ሲሠራ ደግሞ ምን ተብሎ ይደወላል ብለን ተሳሳቅን።

ሲበላሽ ግን መደወሉን አላጓደልንም። ማተሚያው ወረቀት ሲያኝክ በድሩ፣ መብራት ሲጠፋ እንኳ በድሩ። ፈተና ላይ ሆኖም ከክፍል ሲወጣ መልሶ ይደውላል።

ፕሮግራሙ ከገባ በኋላ በመጣው በመጀመሪያው ዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜ ስድስት ቀን ጠዋት፣ ፕሮግራሙ «ቀኑ ስህተት ነው» ብሎ አልከፍትም አለ። ደወልን። በድሩ እኩለ ቀን ላይ ዝናብ አበስብሶት ደረሰ። ማሽኑን እንዳየ ጭንቅላቱን ይዞ ሳቀ። ጳጉሜን ሲጽፋት አምስት ቀን ብቻ አድርጎ ኖሯል።

«አንተ ልጅ፣ ከዕድሜያችን ላይ አንድ ቀን ትቀማናለህ?» አልኩት።

እዚያ ጋ ምን እንደነካ አላውቅም፣ ማሽኑ ተከፈተ። ምን አድርገህ ነው ብሎ የጠየቀውም የለም። የበዓል ዋዜማ ስለነበረ ሕመምተኛው ጥቂት ነው። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተሰብስበን፣ ዝናቡ ፊት ለፊታችን እየወረደ፣ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ስንበላና ስንቀላለድ ዋልን። ያቺን ቀን እስካሁን እናፍቃታለሁ። ሲሄድ «እስከሚቀጥለው ጳጉሜ ስድስት አስተካክላታለሁ፤ አራት ዓመት አለኝ አይደል?» አለን።

ከዚያ ተመረቀ። ከተመረቀ በኋላ ስልኩ ጭራሽ አልሠራ አለ። መጀመሪያ ምን አግኝቶት ይሆን ብለን ተጨነቅን፤ ሲቆይ ተቀየምነው። የነፃ ነገር መጨረሻው ይኸው ነው እያልኩ የማማው እኔው ነበርኩ።

አራት ዓመቱ ዞሮ ጳጉሜ ስድስት ስትቃረብ ኃላፊያችን አቶ ደሳለኝ ሰበሰበን። ሕክምናውንም የሚሰጠው እሱ ነው፤ በዕድሜ ልጄ ቢሆን ነው።

«ባለቤት የሌለው ነገር ተደግፈን እስከ መቼ እንኖራለን?» አለ። «በአዲሱ ዓመት ሌላ ፕሮግራም ይገባል። የድሮ ካርዶች መጋዘን ይግቡ፤ ሁሉም አዲስ ካርድ ያውጣ።»

ተከራከርኩት። የሰው የስንት ዓመት ሕመም እዚያ ውስጥ አለ አልኩት። ግን የእሱንም እውነት አላጣሁትም። ጠፍቶ የቀረ ልጅ እየጠበቁ ክሊኒክ ማስተዳደር አይቻልም።

ጳጉሜ ስድስት ቀን እንደጠበቅነው ማሽኑ ተዘጋ። ያን ቀን ጠዋት እማማ ዘይነባን ልጃቸው ደግፋ አስገባቻቸው። ከቆሼ ከተማ ወዲያ በርበሬ የሚያመርቱ፣ የድሮ ደንበኛችን ናቸው። ትኩሳቱ አቃጥሏቸው ዓይናቸውን መግለጥ አቅቷቸዋል። እኚህ ሴት ከዓመታት በፊት እኛው ጋ በተሰጣቸው አንድ መርፌ ለሞት ተቃርበው ነበር። የትኛው መርፌ እንደሆነ ከመካከላችን የሚያስታውስ የለም፤ ካርዳቸው ላይ ግን በቀይ ተጽፏል። ልጃቸውን ብንጠይቃት «ነጭ ነው» ከማለት ሌላ አታውቅም።

አቶ ደሳለኝ መርፌ ሊወጋቸው ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ ግን እጁ አልደፈረም። ካርዱን አምጡ አለ። ቁጥሩ የለም። መደርደሪያውን ማውረድ ጀመርን፤ ዘይነባ በዘይነባ ላይ። እሱም ራሱ መጥቶ አብሮን ተንበረከከ። እማማ ዘይነባ ከበስተጀርባችን ያቃስታሉ።

የክሊኒኩ ስልክ የጮኸው ያኔ ነው። ተነስቼ ልዘጋው ነበር።

«እትዬ ብርቄ? ዛሬ ጳጉሜ ስድስት ነው። ተዘጋ አይደል?»

ድምፁን ወዲያው አወቅኩት። ከጠፋ ጀምሮ ያጠራቀምኩት ንግግር ነበረኝ።

«አንተ ልጅ፣ አለህ?» አልኩት። «ስድቡን ኋላ አደርስሃለሁ፤ አሁን የታመሙ ሰው ካርድ አጥቻለሁ!»

«የኮምፒውተሩን ቀን በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይመልሱት።»

«በቃ?»

«በቃ። ያኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው።»

መለስኩት፤ ተከፈተ። የእማማ ዘይነባ ካርድ እኛ ካለንበት ተቃራኒ ግድግዳ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። አቶ ደሳለኝ ቀዩን ጽሑፍ አነበበና ያዘጋጀውን መርፌ አስቀምጦ ሌላ አነሳ። ያዘጋጀው ያንኑ ኖሯል።

በድሩ ስልኩን ሳይዘጋ ጠብቆኝ ነበር። የት ገባህ አልኩት። ድሬዳዋ አጎቱ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። እንደተመረቀ መናኸሪያ ላይ ቦርሳው ከነኮምፒውተሩ ከነስልኩ ተሰርቆበታል። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ዋናው ጽሑፍም እዚያው ውስጥ ነበር፤ ያለሱ ማስተካከል አይችልም።

«ታዲያ ይህን ደውለህ አትነግረንም?» አልኩት።

«ስልካችሁን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ፕሮግራሙ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግን አስተካክላለሁ ብዬ ቃል ገብቼ፣ ባዶ እጄን ምን ብዬ ልደውል? አፈርኩ። ደግሞ እትዬ...» አለ። «የእናንተ ስልክ በመጣ ቁጥር ዛሬ ደግሞ ምን ተበላሸ እያልኩ ነበር የማነሳው።»

የተናገረው በቁጣ አልነበረም።

ከዚያ ከስክሪኑ ግርጌ ያለች አንዲት ምልክት እንድጫን ነገረኝ። ስትጫን ስሙን፣ ቁጥሩን፣ መደርደሪያውን፣ ሁሉንም በአንድ ሠንጠረዥ ታወጣለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስቀምጧት ነበር። እኛ ጌጥ መስላን ነክተናት አናውቅም።

«አውጡትና ለአዲሱ ፕሮግራም ስጡት። አንድም ሰው አይቀርም» አለኝ። «እኔን ግን አትጠብቁኝ እትዬ። ይህን መጀመሪያውኑ ልነግራችሁ ይገባ ነበር።»

አቶ ደሳለኝ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። የመጋዘኑን ነገር ከዚያ ወዲያ አላነሳውም።

ልሰናበተው ስል ያ የጥንቱ አደራው ትዝ አለኝ።

«በድሩ፣ ይሠራል» አልኩት።

«ምኑ?»

«ፕሮግራምህ። ይህን ሁሉ ዓመት ሠርቷል። ስንት እናት ሳትጉላላ ታክማ ሄዳለች። ሲሠራም ደውሉ ብለኸን ነበር፤ ይኸው ነገርኩህ።»

ከሱቁ ውስጥ አንዲት ሴት የጨርቅ ዋጋ ደጋግማ ስትጠይቅ ይሰማኛል፤ እሱ ግን ስልኩን አልዘጋም።

ከሰዓት በኋላ እማማ ዘይነባ ቀና ብለው ሲቀመጡ ነገሩን ነገርኳቸውና መልሰን ደወልን። ፕሮግራም የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙና «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ነገራቸው። «አላህ ያክብርህ፤ በሄድክበት ሰው አያሳጣህ፤ አገርህ ያስገባህ» እያሉ ረጅም ዱዓ አደረጉለት። እሱም እስኪጨርሱ «አሚን፣ አሚን» አለ።

አሁን የምንሠራበት ፕሮግራም ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። የሠሩትን ሰዎች አይተናቸው አናውቅም። የድሮ ካርዶቻችን በሙሉ እዚያ ውስጥ አሉ፤ ስድስተኛዋን ጳጉሜም ያውቃታል። አሮጌዋን ኮምፒውተር ግን እንዲወስዷት አልፈቀድኩም፤ ጠዋት ጠዋት አቧራዋን እጠርጋለሁ።

የሚቀጥለው ጳጉሜ ስድስት ሲመጣ ማሽኑ አይዘጋም። ዝናብ ያበሰበሰው ልጅም ከሚኒባስ ወርዶ አይመጣም። እኔ ግን የበቆሎ እሸቴን ጠብሼ ድሬዳዋ እደውላለሁ። ዛሬ ደግሞ ምን ተበላሸ ካለኝ፣ ምንም አልተበላሸም እለዋለሁ።