ቆመን የነገርነው ሒሳብ

ትናንት ከንፋስ መውጫ በተነሳው ሚኒባስ ውስጥ፣ በዝናብ የራሰ ደበሎ የለበሰ የቆሎ ተማሪ አጠገቤ ተቀመጠ። የእርጥብ በግ ቆዳ ሽታ መኪናውን ሞላው። ከፊት የተቀመጡት ሴትዮ መስኮቱን ገርበብ አደረጉ፤ እኔ ግን ወደ ልጁ ጠጋ አልኩ። ያን ሽታ የማውቀው ከሒሳብ ጋር ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ከአንድ የስማዳ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል። ልጅነቱን በቅኔ ቤት አሳልፎ፣ ወደ አስኳላው የገባው ዘግይቶ ነው። ደበሎውን ግን አልጣለውም፤ ማታ ከብርድ ልብሱ በላይ ይደርበዋል፣ ጠዋት ይለብሰዋል። የንፋስ መውጫ ብርድ በስስ ጃኬት አይመለስም።

በዓመቱ አጋማሽ የሒሳብ መምህራችን ተዛወረ፤ ምትክም ሳይመጣ ቀረ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ግን መምህር አልመጣላቸውም ብሎ አይጠብቅም። ለጓደኛዬ ደግሞ ነገሩ ከሁላችንም ይከብድ ነበር። እዚያው ስማዳ፣ ወገዳ አካባቢ የሚኖሩት አባቱ አርጅተዋል፤ ሌላ ወንድ ልጅ የላቸውም። «ዘንድሮን ልቻልህ፤ ካላለፍክ ግን መጥተህ እርፉን ያዝ» ብለውታል። ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ድንች እየላጠ፣ ቀና ሳይል።

መምህር ከሌለን በራሳችን እንማር ተባባልን። ሦስተኛችን ከእስቴ መጥታ አክስቷ ቤት የምትኖር የክፍላችን ልጅ ነበረች። እጇ ፈጣን ነው፤ እኔ ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ እሷ መልሱን አክብባ ወደሚቀጥለው ትሻገራለች። አፏም ከእጇ አይዘገይም።

የአጠናን ሥርዓቱን ያመጣው ግን ጓደኛዬ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፣ ማለት ያለ ወረቀት ይደርሰዋል፤ ከዚያ ከመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል። መምህሩ ያዳምጣል፣ የላላውን ያጠብቃል፣ የተበላሸውን ያፈርሳል፤ ያማረ እንደሆነ «ይበል!» ይላል። ጓደኛዬ ሒሳብም በዚህ መንገድ ካልሆነ አይገባኝም አለ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ትምህርት ቤት ሳይገባ፣ ከከተማው ጫፍ ወዳለው ባሕር ዛፍ እንወጣ ነበር። አንድ ጥያቄ እናነብና መጽሐፉን እንዘጋለን። ከዚያ እያንዳንዳችን ወደየዛፋችን እንበተናለን። እርሳስ መያዝ ክልክል ነው። አገኘሁ ያለ ተመልሶ ይቆምና ለሁለቱ ይነግራል። ሰሚው በፈለገበት ቦታ «ከየት መጣ?» ብሎ የማስቆም መብት አለው።

መጀመሪያ ሰሞን አፌ ይተሳሰር ነበር። ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። በወረቀት ላይ አውቀዋለሁ ያልኩት ነገር ስቆም ይበተንብኛል። ጓደኛዬ አይቸኩልም። ደበሎውን በትከሻው ሰብስቦ፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ ይጠብቀኛል። ቅጠሉን ንፋስ ሲያንኮሻኩሸው እንኳ «ቆይ፣ ይለፍ» ብሎ ድምፄ እስኪሰማ ይታገሠኛል። እንደዚያ አድርጎ ያዳመጠኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

አከራያችን አንድ ቀን ጓደኛዬ ፊቱን እየታጠበ ለራሱ ሲያነበንብ ሰሙት።

«ውዳሴ ማርያም ነው የኔ ልጅ?»

«የለም እትዬ፣ ሒሳብ ነው።»

«እሱም ከረዳ ደግ ነው» ብለው ገቡ።

ከሁሉ የማልረሳው አንድ ጠዋት አለ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፤ ፀሐይ በግንዶቹ መካከል ገብታ ከመሬቱ እንፋሎት ታስነሳለች። ጥያቄው ይህ ነበር፤ በአርባ ሜትር አጥር ሊታጠር የሚችለው ትልቁ አራት ማዕዘን መሬት ስንት ካሬ ሜትር ነው? የእስቴዋ ልጅ ወደ ዛፏ እንኳ አልሄደችም።

«ዴሪቬቲቭ ትወስዳላችሁ፣ ከዜሮ ጋር ታስተካክላላችሁ። መቶ። እንሂድ፣ ረፍዷል።»

«መቶ መሆኑን አመንኩ» አላት ጓደኛዬ። «ከየት መጣ?»

«ከፎርሙላው!»

«ፎርሙላውስ?»

«እናቱ ወለደችው! አያ መሪጌታ፣ ፈተና ላይም እንዲህ ከየት መጣ እያልክ ስትጠይቅ ወረቀቱን ይሰበስቡብሃል።»

ሳቀና ወደ ዛፉ ሄደ። ቆየ። የትምህርት ቤቱ ደወል ከሩቅ ሲሰማ ልጅቷ በእግሯ መሬቱን ትመታ ጀመር። ሲመለስ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆመ።

«አራቱንም ጎን እኩል አድርጉት፤ አሥር በአሥር፣ መቶ ይሆናል። አሁን ከአንዱ ጎን ሁለት ቀንሳችሁ ለሌላው ጨምሩ፤ ስምንት በአሥራ ሁለት፣ ዘጠና ስድስት። አራት ጠፋች። ሦስት ብትቀንሱ ሰባት በአሥራ ሦስት፣ ዘጠና አንድ። ዘጠኝ ጠፋች። የምትጠፋው የቀነሳችኋት ራሷን በራሷ ስትባዛ ነው። ምንም ያህል ብትቀንሱ ይጠፋል እንጂ አይተርፍም። እንግዲህ ከመቶ የሚበልጥ ከየት ይመጣል?»

ልጅቷ መሬቱን መምታት ተወች። «ይበል!» አለች። ያን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እየሮጥን ወረድን፤ አረፈድን፤ በር ላይ ቆመን ተቀጣን። ሦስታችንም እንስቅ ነበር።

ዛሬ ቁጥር በሚበዛበት ሥራ ላይ ነኝ። ማሽኑ ያወጣውን መልስ እንኳ በልቤ ቆሜ ሳልነግረው አላምነውም።

ፈተናው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነበር። ብርድ ልብሳችንን ጠቅልለን በአውቶቡስ ሄድን። መንገድ ላይ ልጅቷ ትመክረው ጀመር።

«ስማኝ፣ ባዶ አትተው። ያላወቅኸውን ሁሉ አንዱን ፊደል መርጠህ አጥቁር። ስለ ስህተት የሚቀንስብህ የለም።»

«ያልቆጠርኩትን ቅኔ የኔ ነው ብዬ ልንገር?»

«የሚያርመው የኔታ አይደሉም፤ ማሽን ነው!»

«ማሽኑ አያውቅ ይሆናል፤ እኔስ?»

«አባትህስ?» አለችው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በቅኔ ቤት ያልደከሙበትን ቅኔ የራስ አድርጎ መንገር ምን ዓይነት ነውር እንደሆነ እኔና እሷ በወሬ እንጂ አናውቀውም። እሱ ግን በዚያ ሥርዓት ነው ያደገው።

የሒሳቡ ዕለት ፊቱ በርቶ ወጣ። የእንግሊዝኛው ዕለት ግን ሣሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይፈትሽ ነበር። እንግሊዝኛን የጀመረው ከእኛ በብዙ ዓመት ዘግይቶ ነው።

«ስንቱን ተውከው?» አለችው።

«ያልገባኝን» አላት። የያዘችውን ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው።

ውጤቱ በስልክ ሲመጣ በሒሳብ ከሦስታችን እሱ በለጠ። ጠቅላላው ግን ከማለፊያው በጥቂት ጎደለ። እኔና ልጅቷ አለፍን። ስልኩን መልሶ ሰጠኝና፣ «ሒሳቡን አያችሁት?» አለ፤ በእውነት ደስ ብሎት ነበር። በማግሥቱ ዕቃውን አሥሮ ወደ ወገዳ ወረደ።

የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ሲወጣ ሳልሰናበተው መሄድ አልሆነልኝም። ቤታቸው ስደርስ ገብሱ ተነስቶ ማሳው ይታረስ ነበር። እሱ እርፉን ይዟል፤ አባቱ ድንበሩ ላይ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። የተገለበጠው አፈር ጥቁርና እርጥብ ነበር። ጉልበታቸውን ሳምኩ። መረቁኝና፣ ልጃቸው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«እውነቱን ንገረኝ ልጄ። ሰነፍ ነበር?»

«የለም አባባ። ከሁላችንም ይበልጥ ነበር።»

«ታዲያ ምን ነካው?»

ስለማሽኑ፣ ስለሚጠቁረው ክብ ጀመርኩና አቋረጥኩት። ጓደኛዬ ትልሙን ጨርሶ በሬዎቹን ሲያዞር ሰምቶን ኖሯል።

«አባዬ፣ የማላውቀውን አውቃለሁ አላልኩም። ሌላ አይደለም።»

ሽማግሌው ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት። ልጁ እንደ ተፈታኝ ቆሞ ነበር፤ እጁ እርፉን እንደጨበጠ፣ ዓይኑ ከአባቱ ፊት ሳይነሳ። ጅራፉ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ ዱላቸውን ሣሩ ላይ አስቀመጡ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሠሩትና በታረሰው መሬት ላይ እየተንገዳገዱ ሄዱ። እርፉን ከእጁ ተቀበሉት።

«አባዬ፣ ተወው፤ እኔ...»

«ጓደኛህን እስከ መኪናው ሸኘው። ዛሬ እኔ እውልበታለሁ።»

አብረን ወደ መንገዱ ወረድን። ከኋላችን የአባቱ ድምፅ በሬዎቹን ይጠራል። ቀጭን ነው። አንድ ጊዜ ይጠራና ትንፋሽ ለመሰብሰብ ይቆያል፤ ደግሞ ይጠራል። ጓደኛዬ ወደ ኋላ አልዞረም። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ ድምፁ እስኪርቀን ድረስ እያዳመጠ ይሄድ ነበር።