አቶ ሌስተር የቆሙበት በር

ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም። ሥራዬ ሹፌርነት ነው፤ የወረዳውን ሚኒባስ ይዤ ሽማግሌዎችን ሐኪም ቤትና መድኃኒት ቤት አመላልሳለሁ። ስለ አቶ ሌስተር ሰው ሁሉ እንደፈለገው ሲያወራ ሰማሁና፣ እኔም ያየሁትን ልናገር ብዬ ነው።

ያወቅኳቸውም በዚችው መኪና ነው። የመጀመሪያው ቀን በረዶ ይጥል ነበር። ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝና ከመሳፈራቸው በፊት፣

«ሹፌሯ፣ በዚህ መኪና ሽጉጥ ይፈቀዳል?» አሉኝ።

«ኧረ አይፈቀድም!» አልኳቸው ደንግጬ።

«እሺ፣ ጠብቂኝ።» ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቀስ እያሉ ተመለሱ፣ አስቀምጠው መጡ። ከኋላ ሚርና የሚባሉ ጎረቤታቸው ተቀምጠው ነበር።

«አንተ ሌስተር! በብርድ ልትጨርሰን ነው? ዝም ብለህ ብትይዘው ማን ይፈትሽሃል?»

«ሕግ ነዋ ሚርና። ደግሞ አንቺ እያለሽ ሽጉጥ ምን ያደርግልኛል? ምላስሽ ይበቃል።»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳቸው።

አቶ ሌስተር ዕድሜያቸውን ሙሉ የወተት ቦቴ ሲነዱ የኖሩ ናቸው። ሚስታቸው ኖርማ ከሞቱ ወዲህ የቀራቸው ነገር ቢኖር የቤተ ክርስቲያናቸው በር ነበር። እሁድ እሁድ ከረባት አስረው እዚያ ይቆማሉ። የሚገባውን በስሙ ይጠራሉ፣ ካፖርቱን ተቀብለው ይሰቅላሉ፣ አሮጊቶቹን ክንዳቸውን ይዘው ያስቀምጣሉ። ከኮታቸው ሥር ደግሞ ሽጉጥ አለ፤ ፈቃድ አላቸው። ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። አንድ ዓመት አንድ ሰውዬ ጥላው የሄደች ሚስቱን ፍለጋ ጠመንጃ ይዞ በጸሎት መሃል መጣ። አቶ ሌስተር ያኔ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። በሩን ይዘው፣ «ና እስቲ መጀመሪያ ትኩስ ነገር ጠጣ፣ በርዶሃል» እያሉ ፖሊስ እስኪደርስ አዋሩት። በሚቀጥለው እሁድ ፓስተር ዶይል ሰው ሁሉ ፊት፣ «ወንድም ሌስተር፣ ሁለተኛ ባዶ እጅህን እንዳትቆም» አሏቸው። ይህን ሚርናም ሰምተዋል፣ ሁሉም ሰምቷል።

ኋላ ግዛታችን አዲስ ሕግ አወጣ። ፈቃድ ቢኖርህም ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ መናፈሻ ሽጉጥ ይዘህ አትገባም፤ ከገባህ እስር ነው። አቶ ሌስተር ሽጉጣቸውን ቤት ትተው በሩ ላይ ቆሙ። የተቆጡት ፓስተሩ ናቸው። ከጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር ጠበቃ አስመጡ። ጠበቃው ሕጉን ለመክሰስ ስሙን የሚሰጥ አንድ ሰው እፈልጋለሁ አለ።

«ወንድም ሌስተር ነዋ!» አሉ ፓስተሩ። «አይዞህ፣ ፍርድ ቤት አጠገብህ ነው የምቀመጠው።»

እዚያ ቤተ ክርስቲያን እጅ አውጥቶ ድምፅ መስጠት የለም። ከጸሎት በኋላ ሁሉም ከቤቱ ያመጣውን አብሮ ሲበላ፣ ፓስተሩ ይነሱና ጉዳዩን ተናግረው፣ «የሚቃወም ይናገር» ይላሉ። ዝም ከተባለ እሺ ተብሏል። ባለጉዳዩ ራሱ ግን አይናገርም፤ በራስ ጉዳይ አፍ መክፈት ነውር ነው። የክሱም ነገር እንደዚያው ተጠየቀ። አቶ ሌስተር ዓይናቸውን ሳህናቸው ላይ ተክለው ጠበቁ። አንድም ሰው አልተናገረም።

«ሰዉ ሁሉ እሺ አለኝ እኮ» አሉኝ ማግስቱን መኪናዬ ውስጥ። ፊታቸው እንደ ሙሽራ ሆኖ ነበር።

ስማቸው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ነገሩ ተቀየረ። ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የሕፃናት መዋያ አለ። ወላጆች ልጆቻችን ባሉበት ምን ሽጉጥ ነው ብለው ተነሱ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም እናት ነኝ፣ ሽጉጥ አልወድም። አንዳንዱ ቤተሰቡን ይዞ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ፓስተሩም ስልክ ማንሳት ተዉ። አቶ ሌስተር «ሥራ በዝቶበት ነው» ይሉኝ ነበር።

ፍርድ ቤት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። አጠገባቸው ያለውን ወንበር ለፓስተሩ ብለው ኮፍያቸውን አስቀምጠው ያዙ። ፓስተር ዶይል ገቡ፣ አልፈዋቸው ሄዱ፣ ከመንግሥት ጠበቆች ኋላ ተቀመጡ። አቶ ሌስተር ፓስተሩ ቦታ የተሳሳቱ መስሏቸው እጃቸውን አወዛወዙላቸው።

አቶ ሌስተር ምለው ቆሙ። የመንግሥት ጠበቃዋ፣

«ሽጉጥ ይዘው እንዲቆሙ ማን ጠየቀዎት?» አለቻቸው።

«ቤተ ክርስቲያኔ።»

«ድምፅ ተሰጥቷል?»

«እኛ ጋ ዝምታ እሺታ ነው፣ እመቤቴ።»

ቀጥሎ ፓስተሩ ተጠሩ። «ወንድም ሌስተር ደግ ሰው ነው» አሉ። «ግን ሽጉጥ ያዝ ያለው የለም። የፈለገው እሱ ነው። ያን ቀን ሰዉ ዝም ያለውም አፉ ምግብ ይዞ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ዳኛው ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። እኔ አቶ ሌስተርን አየኋቸው፤ ኮፍያውን ከወንበሩ አንስተው ጭናቸው ላይ አድርገውታል።

ውጪ ጠበቃቸው ሲጋራ እያቀጣጠለ፣ «የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ራሳቸው አንፈልግም ካሉ፣ የከለከለዎት ሕጉ ሳይሆን እነሱ ናቸው» አላቸው። «በእርስዎ ስም መቀጠል አይቻልም። ሌላ ከተማ አንድ ሰው አግኝተናል። አያስቡ፣ ክሱ አይሞትም።»

እውነትም አልሞተም። በዚያ በሌላው ሰውዬ ስም ተፈረደ፤ እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ለራሱ ይወስን ተባለ። አቶ ሌስተር ሲሰሙ ከረባታቸውን አስተኮሱ። በሩ ተመለሰልኝ ብለው ነው።

እሁድ ምሳ ላይ ፓስተሩ ተነሱ። የመዋያው ወላጆችም እንዲረጋጉ በሩን ወጣትና የሠለጠነ ሰው ቢይዘው ይሻላል አሉና የራሳቸውን አማች ብራይስን አቀረቡ። ከነሽጉጡ። «ወንድም ሌስተር ይረፍ፣ ደክሟል። የሚቃወም ይናገር።»

ሰዉ ዝም አለ። ይህን የነገሩኝ አቶ ሌስተር ራሳቸው ናቸው።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው ተናድጄ።

«በራሴ ጉዳይ?» አሉኝ። «ሚርናን አየኋት። ክረምት ሙሉ የደጇን በረዶ የምጠርግላት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ምላስ ይዛ ሳህኗን ታያለች። አፏ ውስጥ ደግሞ ምግብ አልነበረም፣ ሹፌሯ። ልብ ብዬ አይቻለሁ።»

ከዚያ ወዲህ እዚያ አልሄዱም። ሚርና መኪናዬ ውስጥ «ሌስተር እንዴት ነው?» ይሉኛል። እኔም «ለምን ራስዎ አይጠይቋቸውም? ቤታቸው እኮ ማዶ ነው» እላቸዋለሁ።

እሁድ ግን አቶ ሌስተር አሁንም ከረባት ያስራሉ። በቡናማ ስኳር የሚያበስሉትን ቦሎቄ በትልቁ ድስት ይጥዱና የገዛ ቤታቸው በር ላይ ይቆማሉ። ልጆቼን ይዤ የሄድኩ ቀን ካፖርታቸውን ተቀብለው ሰቀሉላቸው፤ ትንሿን በስሟ ጠሯት።

እባካችሁ፣ በሃርላን ኮርነርስ መንገድ የምታልፉ ከሆነ ጎራ በሉ። ከወተት ማጠራቀሚያው አለፍ እንዳላችሁ ያለው ነጩ ቤት ነው። ማንኳኳት አያስፈልግም፣ ቀድመው ይከፍታሉ። ቦሎቄው ለብቻቸው ይበዛባቸዋል። ብቻ ስትበሉ ዝም አትበሏቸው፤ የሆነ ነገር ተናገሩ።