እታለም ሊቀመንበሩን ልጅ ያስታቀፈች ቀን

ፊደል የቆጠርኩት በቅርቡ ነውና ደፍሬ መጻፌን ይቅር በሉኝ። ስለ እታለም ዝም ማለት ግን ከበደኝ። በጨርቅ ፋብሪካችን ከጎኔ ነው የምትሠራው። ልጇን የሚይዝላት ስላጣች ሥራዋን ልትለቅ ነበር።

በሠራተኛ ማኅበራችን የምሳ ሰዓት ስብሰባ ላይ ልጇን እንደታቀፈች የሕፃናት ማቆያ ይከፈትልን አለች። ሊቀመንበራችን፣ "እህቴ፣ የሴቶች እኩልነት ከአብዮቱ በኋላ በራሱ ይመጣል" አላት።

"እኔ ቤት ከዋልኩ አብዮቱን ማን ያመጣዋል? በል እስኪመጣ ይሄን ያዝልኝ፣ ጓድ!" ብላ ልጇን አስታቅፋው ወደ ማሽኗ ሄደች።

ልጁ ለቅሶውን አቀለጠው፤ ሊቀመንበሩን ላብ አጠመቀው። ሁሉም ሲስቅ እኔ አፈርኩ። እኩልነት እያልኩ ስጮህ የራሴን ልጆች አንድ ቀን እንኳ አጥቤ አላውቅም።

ከሥራ ሳንወጣ ባዶው መጋዘን ማቆያ እንዲሆን፣ ወንዶችም ተራ እንድንገባ ወሰንን። በማግስቱ ጠዋት እታለም መጋዘኑን ጠረገች፣ ልጇን ለመጀመሪያው ተረኛ ለእኔ ሰጠችኝና ማሽኗን አስነሳች።